አነስ ያለ ፋብሪካ ማሽኖቹን በሴንሰርና በኔትወርክ ማገናኘት ያዋጣዋል? ከየት ይጀመር?

ሞልድ_ሾፕ፦
ሰላም ለሁላቹም። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። የፕላስቲክ እቃ የሚያመርት ብዙም ትልቅ ያልሆነ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ኃላፊ ነኝ። ኢንጀክሽን ማሽኖች (ፕላስቲኩን አቅልጠው ሞልድ በሚባለው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ የሚከትቱ) አሉን፣ ለሞልድ ጥገና ደሞ ቶርኖና ፍሬዛ ያለበት ወርክሾፕ አለን። የማሽኖቹ እድሜ አንድ አይደለም፣ አዳዲሶቹ ስክሪንም የኔትወርክ መሰኪያም አላቸው፣ አሮጌዎቹ ግን ፓኔላቸውን ስትከፍቱት ሪሌይና ኮንታክተር (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ብቻ ነው የምታዩት።

በቅርቡ አንድ ሻጭ መጥቶ ሁሉንም ማሽን ባንዴ አገናኝላችኋለው፣ በስልካችሁ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ፣ ማሽኑ ሊበላሽ ሲል ቀድሞ ይነግራችኋል ብሎ ለባለቤቱ አሳየውና ባለቤቱ በጣም ወደደው። እኔም አልጠላሁትም። ግን ክፍያው ግማሹ አንዴ የሚከፈል ግማሹ ደሞ በየማሽኑ ሂሳብ በየዓመቱ የሚቀጥል ነው፣ ውሉም የረጅም ጊዜ ነው። አሁን ያለን ነገር ፎርማኑ በፈረቃው መጨረሻ የሚሞላው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱን ብታዩት ማሽኑ እምብዛም አይቆምም፣ የሚወጣው እቃ ግን ሁሌ ከታሰበው በታች ነው፣ ልዩነቱ የት እንደሚገባ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

እንደኛ አይነት ፋብሪካ እዚህ ነገር ላይ ገንዘብ ቢያወጣ ያዋጣዋል ወይ? ካዋጣስ ሁሉንም ባንዴ ነው ወይስ ቀስ በቀስ? የሠራችሁበት ሰዎች ንገሩኝ።

ጥገና_ክፍል፦
ወንድሜ ያዋጣል፣ ግን ሻጩ ባመጣው መንገድ አይደለም። መጀመሪያ ጥያቄህን ያዝ። አንተ ራስህ ጽፈኸዋል እኮ፣ "ልዩነቱ የት ይገባል" ብለሃል፣ ይሄን ለመመለስ ደሞ ሁሉም ማሽን መገናኘት የለበትም፣ ሌላው ሁሉ የሚጠብቀውን አንዱን ማሽን ምረጥና እሱን ብቻ ለካ።

ወረቀቱ ለምን እንደማይነግርህ ልንገርህ። ፎርማን ትልቁን መቆም ይጽፋል፣ ሞልድ ተቀየረ፣ ሂተር ተቃጠለ፣ መብራት ጠፋ። ሁለት ደቂቃ ሦስት ደቂቃ የሚቆመውን ማንም አይጽፈውም፣ እቃው ተጣብቆ ኦፕሬተሩ በሩን ከፍቶ አውጥቶ ዘጋው፣ ማቴሪያል የሚጨመርበት ሆፐር ውስጥ ማቴሪያል አለቀ፣ እንደዚህ ያለው በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ሰው አይቆጥረውም። ከዛ የባሰው ደሞ ማሽኑ ሳይቆም ቀስ ብሎ ሲሠራ ነው፣ አንድ እቃ የሚወጣበት ጊዜ (ሳይክል) 30 ሰከንድ መሆን ሲገባው 36 ሰከንድ ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ ሲሄድ ከሩቅ ላየው ሰው ማሽኑ እየሠራ ነው።

በቁጥር እንየው። የታቀደው የሥራ ጊዜ 420 ደቂቃ ነው እንበል፣ 63 ደቂቃ ቆመ፣ ስለዚህ የሠራው 357 ነው፣ 85 ፐርሰንት። በ30 ሰከንድ ሳይክል በ357 ደቂቃ 714 እቃ መውጣት ነበረበት፣ የወጣው ግን 571 ነው፣ እሱ 80 ፐርሰንት። ከ571ዱ 17ቱ ስክራፕ ሆነ፣ ደህናው 97 ፐርሰንት። ሦስቱን አባዛቸው ወደ 66 ፐርሰንት ይመጣል። ኦኢኢ (አጠቃላይ የማሽን ውጤታማነት) የሚሉት ይሄ ነው፣ ጃፓናዊው ሴይቺ ናካጂማ ቲፒኤም ከሚባለው ሁሉም ሠራተኛ የሚሳተፍበት የጥገና አሠራር ጋር አብሮ ያስተዋወቀው። ልብ በል፣ አንዱም ቁጥር ለብቻው አያስደነግጥም፣ ሲባዙ ግን ከጊዜህ አንድ ሦስተኛው የለም። ከሦስቱ ትልቁ ጉድጓድ ደሞ ፍጥነቱ ነው፣ እሱን ነው ወረቀትህ ጨርሶ የማያሳይህ።

ለመጀመሪያው ሙከራ የሞተሩ ኬብል ላይ የሚቆለፍ ከረንት መለኪያ ክላምፕ አድርግበት በቃ፣ ማሽኑ ሲሠራና ሲቆም ያሳይሃል።

ፓኔል_ሰሪ፦
@ጥገና_ክፍል ባልከው ሁሉ እስማማለው፣ ክላምፑ ላይ ግን አልስማማም፣ ልጁን ታሳስተዋለህ። ኢንጀክሽን ማሽን ነው ያለው። ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ከሆነ የፓምፑ ሞተር ማሽኑ ሥራ ፈቶ ቆሞም ይዞራል፣ ከረንቱ ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይገባም። ክላምፑን ሞተሩ ላይ አድርጎ "ከረንት ካለ እየሠራ ነው" ብሎ ከቆጠረ ቀኑን ሙሉ ሠራ የሚል ዳታ ነው የሚያገኘው፣ ያ ከወረቀቱ የባሰ ውሸት ነው ምክንያቱም ከኮምፒውተር የወጣ ስለሆነ ሁሉም ያምነዋል።

ለእንደዚህ አይነት ማሽን የሞልድ መዘጋት ሲግናል ነው የሚያዘው። ሞልዱ በተዘጋ ቁጥር አንድ ፐልስ፣ ከአንዱ መዘጋት እስከሚቀጥለው መዘጋት ያለው ጊዜ ሳይክሉ ነው፣ ከዛ አንድ ሲግናል ብቻ ቆጠራውንም ፍጥነቱንም መቆሙንም ታገኛለህ። አሮጌው ማሽን ላይ ሊሚት ስዊች ወይ ፕሮክሲሚቲ ሴንሰር ይኖራል፣ የሱን ሲግናል በኦፕቶካፕለር (ሲግናሉን በብርሃን በሚያሻግር) ወይ በትንሽ ሪሌይ ለይቶ መውሰድ ነው። መለየት ያልኩት ግዴታ ነው፣ ከማሽኑ መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ጋር በቀጥታ አታገናኙ፣ ያንተ መለኪያ ሾርት ቢሠራ ማሽኑን ይዞ ነው የሚቆመው። ከሴፍቲ በር፣ ከኢመርጀንሲ ስቶፕና ከመሳሰሉት ሰርኪዩቶች ደሞ ጭራሽ አትውሰዱ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ማሽኑ አናቱ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ መብራት ካለው እሱም ጥሩ የሲግናል ምንጭ ነው።

አዳዲሶቹ ላይ ሻጩን ዩሮማፕ 63 ወይ ዩሮማፕ 77 አላቸው ወይ ብለህ ጠይቀው። ለኢንጀክሽን ማሽኖች የተሠራ የጋራ የመነጋገሪያ ስታንዳርድ ነው፣ 77ቱ ኦፒሲ ዩኤ በሚባለው የማሽኖች የጋራ ቋንቋ ላይ የተመሠረተ ነው። ካላቸው ሴንሰር መጨመር ሳያስፈልግ ሳይክሉን፣ የሲሊንደር ሙቀቱን፣ የተመረተውን ብዛት ከማሽኑ ራሱ ታነባለህ። አንዳንዴ ማሽኑ ውስጥ አለ ግን አምራቹ ከፍሎ የሚከፈት ኦፕሽን አድርጎታል፣ እሱን ቀድመህ አጣራ።

ክላምፑን ለቶርኖውና አየር ለሚያምቀው ኮምፕሬሰር ተጠቀሙበት፣ እዛ ይሠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ክላምፑ ውጤቱ በሚሊአምፒር የሆነ ከረንት ትራንስፎርመር ከሆነ ኬብል ላይ ተቆልፎ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሱን ሁለት ሽቦ ክፍት አትተዉት፣ አደገኛ ቮልቴጅ ያመጣል። ውስጡ መከላከያ ያለውን ወይም ውጤቱ በቮልት የሆነውን ግዙ።

ሞልድ_ሾፕ፦
@ፓኔል_ሰሪ አመሰግናለው ወንድሜ ይሄን ሻጩ አልነገረንም። እሱ ያቀረበው በትክክል ለሁሉም ማሽን ክላምፕ ነበር። አሮጌዎቹ ከኦፊሱ ርቀው ነው ያሉት፣ ዋይፋይ ይበቃናል ወይስ ኬብል እንዘርጋ?

ፓኔል_ሰሪ፦
ለማይንቀሳቀስ ማሽን ኬብል። ሾፑ ውስጥ ብረት በብረት ነው፣ የሞተር ኢንቨርተሮቹ የሚያወጡት ኖይዝም አለ፣ ዋይፋዩ ስትሞክረው ይሠራና ከዛ በማታው ፈረቃ ይጠፋል፣ ለምን እንደጠፋ ስትፈልግ ትኖራለህ። አርኤስ485 የሚባለው የኬብል መገናኛ ከሆነ አንድ የተጠማዘዘ ሁለት ሽቦ እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል፣ ብዙ ማሽን እዛው ላይ በተከታታይ ይሰካል። ሽቦውን ከማሽን ማሽን እያስቀጠሉ መሄድ ነው እንጂ ከመሀል እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አታውጡለት፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ 120 ኦህም ሬዚስተር፣ ከፓወር ኬብል ጋር በአንድ ቦይ አታስተኙት። ብዙ ሰው አልሠራም ብሎ የሚተወው በነዚህ ሦስት ነገሮች ነው።

የግፊት ወይ የሙቀት ሴንሰር የምትጨምሩ ከሆነ 4-20 ሚሊአምፒር የሚሰጠውን ምረጡ። ዜሮው 4 ስለሆነ ሽቦው ቢበጠስ ንባቡ ዜሮ ይገባና ሴንሰሩ እንደሞተ ወዲያው ታውቃላችሁ። ከ0-10 ቮልት የሚሰጠው ግን ሽቦው ተበጥሶም "ግፊት የለም" ይላችኋል፣ እውነት ግፊቱ ጠፍቶ ይሁን ሽቦው ሄዶ መለየት አትችሉም።

ዳታ የሚሰበስበው ጌትዌይ ደሞ መብራት ሲሄድ የማይበላሽ ይሁን። በትንሽ ኮምፒውተርና በሚሞሪ ካርድ የተሠራ ለሙከራ ጥሩ ነው፣ ግን መብራት ድንገት በተቋረጠ ቁጥር ካርዱ ይጎዳል። ኔትወርክ ሲጠፋም ዳታውን ራሱ ጋ አቆይቶ ሲመለስ የሚልክ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ችግር በነበረበት ሰዓት በትክክል ዳታ የለህም።

ሂሳብ_ክፍል፦
እኔ ከገንዘብ በኩል ልምጣ፣ በፋብሪካ ሂሳብ ነው የምሠራው እና እንዲህ ያሉ ፕሮፖዛሎች ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣሉ። ሁሌ አንድ ስህተት አያለው፣ "ማሽኑ በሰዓት ይሄን ያህል ያመርታል፣ በቀን አንድ ሰዓት ካዳንን በዓመት ይሄን ያህል ገንዘብ" ብለው በሁሉም ማሽን ያባዙታል። ያዳናችሁት ሰዓት ገንዘብ የሚሆነው ያ ማሽን ሌላውን የሚያስጠብቅ ከሆነ እና ያመረታችሁትን የሚገዛ ትዕዛዝ ቆሞ እየጠበቀ ከሆነ ብቻ ነው። ትዕዛዝ ከሌለ የተረፈው ሰዓት ስቶር ውስጥ የተከመረ እቃ ነው የሚሆነው፣ ገንዘባችሁን ያስራል እንጂ አያመጣም። ስለዚህ ለሻጩ የምርት መጨመሩን ሂሳብ ለአንዱ ማሽን ብቻ እንዲሠራ ንገሩት፣ ለሌሎቹ ስክራፕ መቀነስ፣ የኃይል ፍጆታ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ለደንበኛ መዘግየት የምትከፍሉት ቅጣት ካለ እሱን ይቁጠር። እነዚህ በእጅ የሚያዙ ናቸው።

ወጪው ላይ ደሞ ፕሮፖዛሉ የማይጽፈው ብዙ ነው። ኬብልና ፓኔል፣ ማሽኑ ለገጠማ የሚቆምበት ጊዜ፣ የሚያስተዳድረው ሰው ደሞዝ፣ የሴንሰር ባትሪና መተኪያ፣ ከሂሳብ ሶፍትዌራችሁ ጋር ለማገናኘት የሚጠየቀው ተጨማሪ። ዓመታዊውን ክፍያ አምስት ዓመት አባዙና ከመጀመሪያው ክፍያ ጎን አስቀምጡት፣ የቱ እንደሚበልጥ ስታዩ ውሉን በሌላ አይን ነው የምታነቡት።

ውሉ ላይ እኔ ብሆን እነዚህን ሳላገኝ አልፈርምም። ዳታው የናንተ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ውሉ ሲያልቅ ሁሉንም ጥሬ ዳታ በተለመደ የፋይል ፎርማት ይስጧችሁ። ክፍያው ቢቋረጥ ሴንሰሮቹና ጌትዌዩ በሌላ ሶፍትዌር መሥራት ይችሉ እንደሆነ ይጻፍ። አገልግሎቱን ራሳቸው ቢዘጉትስ? ይሄ ሩቅ ነገር አይደለም፣ ጉግል እንኳን ለእንደዚህ አይነት መሣሪያዎች የነበረውን አይኦቲ ኮር የሚባለውን የክላውድ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ዘግቶታል፣ ተጠቃሚዎቹ ዓመት ያህል ቀድሞ ተነግሯቸው ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ነበረባቸው። ትልቅ ድርጅት እንዲህ ካደረገ ትንሹ ሻጭ ነገ ላለመኖሩ ምን ዋስትና አላችሁ።

ባለ_ፕላትፎርም፦
ከብዙዎቻችሁ ትንሽ ልለይ። አንድ ማሽን አንድ ማሽን እያላችሁ የምትመክሩት ደስ ይላል ግን ውጤቱን አይቻለው፣ አንዱ ማሽን በአንድ አፕ፣ ኮምፕሬሰሩ በሌላ፣ የመብራት ቆጣሪው በሦስተኛ፣ ሁሉም የየራሱ ፓስወርድ፣ ከዛ የምርት ኃላፊው ማታ ማታ ከሦስቱ እየገለበጠ ኤክሴል ላይ ሲሞላ ያመሻል። ያው ወረቀት ሆነ ማለት ነው። እቅዱን መጀመሪያውኑ ለሁሉም አውጥቶ አንድ ፕላትፎርም መምረጥ ነው የሚሻለው ባይ ነኝ፣ ሻጭ መሆኔ አይደለም፣ ሲስተም አገጣጥማለው።

ጥገና_ክፍል፦
@ባለ_ፕላትፎርም ችግሩን በትክክል ነው ያየኸው፣ መፍትሄው ላይ ግን እንለያይ። ደሴት ደሴት እንዳይሆን የሚያደርገው የጋራ ቋንቋው ነው፣ ሶፍትዌሩ አንድ ስለሆነ አይደለም። ሞድበስ የሚባለው የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ አለ፣ እስካሁን አዲስ የኃይል ቆጣሪ ስትገዛ ሞድበስ ይዞ ይመጣል። ኤምኪውቲቲ የሚባለው ሌላው ቋንቋም እ.ኤ.አ. በ1999 በሳተላይት የነዳጅ ቧንቧ ለመከታተል የተሠራ ነው፣ መስመሩ ውድና ደካማ ስለነበር መልእክቱ በጣም ቀላል እንዲሆን ተደርጎ ነው የተነደፈው፣ ለዛም ነው ዛሬ አነስተኛ ፋብሪካ ውስጥ የሚመቸው። የምትገዛው ሁሉ ከነዚህ አንዱን ወይ ኦፒሲ ዩኤን ይናገር በል፣ የራሱን ዝግ ፕሮቶኮል ብቻ የሚናገረውን አትግዛ። እንደዛ ካደረግክ በአንድ ማሽን ጀምረህ የመጨረሻውን ስታስገባ የመጀመሪያውን አትነቅልም።

ባለ_ፕላትፎርም፦
እሺ እዚህ ላይ እንገናኛለን። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ስም አሰጣጡን ከመጀመሪያው ቀን ወስኑ። ማሽን፣ ሲግናል፣ ዩኒት እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ገጽ ላይ ይቀመጥ። አንዱ "ማሽን 3" ሌላው "ኢንጀክሽን ሐ" ካለው፣ አንዱ ግፊቱን በባር ሌላው በፒኤስአይ ካስገባው፣ ፕሮቶኮሉ አንድ ሆኖም ዳታው አይገጥምም። ይሄ ገንዘብ አይፈልግም፣ ግን ቆይቶ ማስተካከሉ ከገጠማው በላይ ያደክማል።

የማታ_ፈረቃ፦
ኦፕሬተር ነኝ፣ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ ሴንሰር ብዙ ተባለ ስለኛ ማንም አላነሳም። እኔ በምሠራበት ቦታ እንዲህ ያለ ሲስተም ገባ፣ ትልቅ ስክሪን ሾፑ መሀል ተሰቀለ፣ ማሽኑ ሲቆም ቀይ ይሆናል ከሥሩ ደሞ የኦፕሬተሩ ስም ይወጣል። ማሽኑ የሚቆመው እኮ ብዙ ጊዜ በኔ አይደለም፣ ማቴሪያሉ እርጥብ ሆኖ ይመጣል፣ ሞልዱ ማቀዝቀዣው ተደፍኗል፣ መለዋወጫ የለም። ግን ስሜ ነው ቀይ የሆነው። ከዛ ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ማሽኑ ሲቆም ምክንያት ምረጥ ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም "ሌላ" የምትለዋን መንካት ጀመረ። ሰው ራሱን ይከላከላል፣ ማንም ቢሆን ያደርገዋል። ስንት ገንዘብ የወጣበት ሲስተም የማይረባ ዳታ ሲሰበስብ ከረመ።

በኋላ የስም ነገሩ ተነሳ፣ ስክሪኑ ማሽኑን ብቻ እንዲያሳይ ሆነ። የምክንያት ዝርዝሩንም ከኛ ጋር ቁጭ ብለው ቀየሩት፣ በፊት ረጅም ነበር በጓንት ማን ይፈልገዋል፣ አሁን አንድ ስክሪን ላይ የሚያልቁ ጥቂት ትልልቅ በተኖች ናቸው፣ ቃላቶቹም እኛ የምንጠራቸው ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚያሳምነን ግን አንድ ነገር ነው፣ "ማቴሪያል እርጥብ" ብለን ደጋግመን ከነካን በኋላ ማቴሪያሉን የሚያደርቀው ድራየር ተጠገነ። የነካነው ነገር ውጤት ሲያመጣ አየን። ከዛ በኋላ "ሌላ" የሚነካ እየጠፋ ሄደ።

ስለዚህ ወንድሜ @ሞልድ_ሾፕ ሴንሰሩ ማሽኑ ለስንት ደቂቃ እንደቆመ ይነግርሃል፣ ለምን እንደቆመ የምነግርህ እኔ ነኝ። እኔን ካስፈራኸኝ አልነግርህም።

ሞልድ_ሾፕ፦
@የማታ_ፈረቃ ይሄን ለባለቤቱ አነበዋለው። ሻጩ ያሳየን ስክሪን ላይ የኦፕሬተር ደረጃ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ የሚያወጣ ገጽ ነበረው፣ እንደ ጥሩ ነገር ነው የቀረበልን።

ጥገና_ክፍል፦
ያንን ገጽ ዝጉት። የማታ ፈረቃው እህታችን ወይ ወንድማችን የተናገረው እኛ የጥገና ሰዎች ጋም ይሠራል፣ "ጥገና ዘገየ" የሚል በተን ሲገባ መጀመሪያ ያኮረፍነው እኛ ነን። ቆይተን ግን የዘገየነው መለዋወጫ ስቶር ውስጥ ስለማይገኝ መሆኑን በዛው ዳታ አሳየንና ኩሽኔታና ቺንጋ ቀድሞ እንዲገዛ ተፈቀደልን።

ኔትወርክ_ጠባቂ፦
እስካሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ፣ ደህንነት። ማሽን ኔትወርክ ላይ ስታወጡ እስከዛሬ ማንም ሊነካው የማይችለውን ነገር በር እየከፈታችሁለት ነው። ከላይ የተመሰገነው ሞድበስ በተለመደው መልኩ ፓስወርድ የሚባል ነገር የለውም፣ ኔትወርኩ ላይ የገባ ማንኛውም ኮምፒውተር በፖርት 502 በኩል ያነባል ብቻ ሳይሆን ይጽፋል፣ የሙቀት ሴቲንግ ሊቀይር ይችላል። ፕሮቶኮሉ ሲሠራ ሽቦው ሌላ ሰው አይደርስበትም ተብሎ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ቲኤስኤምሲ፣ ለሌሎች ድርጅቶች ቺፕ በማምረት የዓለም ትልቁ፣ አንድ አዲስ ማሽን ቫይረስ ሳይመረመር ኔትወርክ ላይ ተሰክቶ የዋናክራይ አይነት ቫይረስ ፋብሪካዎቹ ውስጥ ተሰራጨና ምርት ቆመ። በመጋቢት 2019 ደሞ የኖርዌዩ የአሉሚኒየም አምራች ኖርስክ ሃይድሮ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ቫይረስ ተመታ፣ ገንዘቡን አልከፈለም፣ ግን ሰዎቹ በወረቀትና በእጅ ማምረት ነበረባቸው። ሃይድሮን ያተረፈው ባክአፕ ስለነበረውና በእጅ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁ ሠራተኞች ስለነበሩት ነው። ትንሽ ነን ማን ያየናል አትበሉ፣ ቫይረሱ ትልቅ ትንሽ ብሎ አይመርጥም፣ ክፍት በር ነው የሚፈልገው።

ብዙ ገንዘብ የማይፈልጉ ግን ብዙ የሚያድኑ ነገሮች አሉ። የማሽኖቹ ኔትወርክ ከኦፊሱ ይለይ፣ በመሀል ፋየርዎል ይቀመጥ፣ ዳታ ከማሽን ወደ ውጭ ብቻ ይውጣ፣ ከውጭ ወደ ማሽን የሚገባ ነገር አይፈቀድ። የሻጩ ቴክኒሻን ከርቀት የሚገባበት መስመር ሁሌ ክፍት አይሁን፣ ሲፈለግ ተከፍቶ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋ። መሣሪያው ከአምራቹ ይዞት የመጣው ፓስወርድ ይቀየር። አሮጌ ዊንዶውስ ያለባቸው ማሽኖች አፕዴት ማድረግ ስለማይቻል ብቻቸውን ተለይተው ይቀመጡ፣ ፍላሽ የሚሰካባቸው ከሆነ በሌላ ኮምፒውተር ሳይመረመር አይሰካ። የፒኤልሲውን (የማሽኑ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ፕሮግራምና የማሽኑን ሴቲንግ ባክአፕ ያዙ፣ ከኔትወርክ ውጭ አስቀምጡት። ይሄ የመጨረሻው ምንም ሴንሰር ባትገዙ እንኳን ነገ ጠዋት የሚሠራ ነው። ለጠለቀ ነገር አይኢሲ 62443 የሚባለው ስታንዳርድ አለ፣ ሙሉውን መተግበር ለትንሽ ፋብሪካ ይከብዳል፣ ኔትወርኩን በዞን መከፋፈል የሚለውን ክፍል ግን ውሰዱ።

አየር_እና_ኃይል፦
እኔ ደሞ መነሻችሁ ኮምፕሬሰር ይሁን እላለው። የምርት ማሽን ስትነኩ ሁሉም ይደነግጣል፣ ኮምፕሬሰር ጋ ግን ማንም ስሙ የለም። የታመቀ አየር ፋብሪካ ውስጥ ካለው ኃይል ሁሉ ውዱ ነው፣ በአግባቡ ካልተያዘ ኮምፕሬሰሩ ከሚያመርተው ከ20 እስከ 30 ፐርሰንቱ በየመገጣጠሚያው ሲሾልክ ማግኘት የተለመደ ነው፣ ሾፑ ጫጫታ ስላለው አይሰማም።

ዛሬውኑ ያለ ምንም ሶፍትዌር ሞክሩት። ሁሉም ማሽን በጠፋበት ቀን ኮምፕሬሰሩን አስነሱና ግፊቱ ይሙላ። አየር የሚጠቀም ስለሌለ ሞልቶ ዝም ማለት ነበረበት፣ ግን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ግፊቱ ወርዶ እንደገና ይጭናል (አየር ማመቅ ይጀምራል)። ሲጭን የሚቆይበትን ጊዜ እና ሳይጭን የሚቆይበትን ጊዜ ያዙ፣ የሚጭንበትን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ፣ እሱ ነው የሚፈሰው። 2 ደቂቃ ጭኖ 6 ደቂቃ ካረፈ 25 ፐርሰንት እየፈሰሰ ነው። ይሄ የሚሠራው ሎድ አንሎድ ለሚያደርገው (እየጫነ እያረፈ ለሚሠራው) አይነት ኮምፕሬሰር ነው፣ ፍጥነቱን በኢንቨርተር ለሚቀይረው በፍሰት መለኪያ ነው የሚታየው።

አሁን ክላምፑን እዛ ላይ አድርጉት፣ ሲጭንና ሲያርፍ ከረንቱ በግልጽ ይለያያል። ከዛ በኋላ በየሳምንቱ እረፍት ቀን ቁጥሩ ራሱ ይመጣላችኋል፣ የጠገናችሁት ሲጨምር ቁጥሩ ይወርዳል፣ አዲስ ቱቦ ሲቀደድ ይወጣል። ገንዘቡ በመብራት ቢል ላይ ስለሚታይ ባለቤቱን ለማሳመንም ቀላል ነው። ግፊቱንም እዩት፣ 7 ባር አካባቢ ለሚሠራ ሲስተም 1 ባር ዝቅ ማድረግ ወደ 7 ፐርሰንት የሚጠጋ የኮምፕሬሰሩን ኃይል ያስቀራል፣ ማሽኖቹ የሚፈልጉትን ትንሹን ግፊት አረጋግጣችሁ ቀስ እያላችሁ አውርዱት።

ሂሳብ_ክፍል፦
@አየር_እና_ኃይል ይሄን የመሰለ ፕሮፖዛል ቢመጣልኝ በዛው ቀን ነው የምፈርመው። ከመጀመሩ በፊት ግን የነበረውን ቁጥር መዝግቡ፣ ብዙ ቦታ ከሴንሰሩ በፊት ስንት እንደነበር ስላልተያዘ ጥቅሙን ማሳየት አይቻልም።

ሞልድ_ሾፕ፦
"ሊበላሽ ሲል ቀድሞ ይነግራችኋል" ያለውስ? ባለቤቱን የማረከው እሱ ነው፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለው ተብለናል።

ጥገና_ክፍል፦
እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ያ ነገር ከብልሽት ነው የሚማረው፣ ብዙ ተመሳሳይ ሞተር በየጊዜው ሲበላሽ ያየ ሲስተም ንድፉን ይለየዋል። ያንተ ፓምፕ ኩሽኔታው በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚሄደው? አንድ ፓምፕ፣ አንድ ብልሽት፣ ከምን ይማራል? ሻጩ ከሌሎች ደንበኞች ዳታ ነው የተማረው ካለህ የነሱ ማሽን ካንተ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ጠይቀው፣ እነሱ ጋ ስንቱን ቀድሞ እንዳገኘ፣ ስንት ጊዜ በውሸት እንደጮኸ ጠይቀው። የውሸት ጩኸት ሲበዛ ሰው አላርሙን ማየት ያቆማል።

ለእንደናንተ ፋብሪካ ቀላሉ ይበቃል። የዋና ዋና ሞተሮችና ፓምፖች ንዝረት በሚሊሜትር በሰከንድ ለኩ፣ የት ጋ እንደተለካ ምልክት አድርጉበት፣ ሁሌ በዛው ቦታ፣ በተመሳሳይ ጭነት፣ በተመሳሳይ ፍጥነት። አይኤስኦ 20816 የሚባለው ስታንዳርድ የማሽኑን መጠንና አቀማመጥ አይቶ ደህና የሆነውንና ያልሆነውን ደረጃ ይሰጣል፣ ግን ከደረጃው በላይ የሚጠቅማችሁ የራሳችሁ ማሽን ባለፈው ከነበረበት መጨመሩ ነው። ለመጀመር ቋሚ ሴንሰር እንኳን አያስፈልግም፣ በእጅ የሚያዝ መለኪያ ይዞ የሚዞር አንድ ሰው ይበቃል። ማሽኑ ቁልፍ ከሆነና ሰው የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ያኔ ቋሚውን ግዙ። የሃይድሮሊክ ዘይት ሙቀት ደሞ አትርሱ፣ ርካሽ ሴንሰር ነው፣ ማቀዝቀዣው ሲደፈን ከሁሉም ቀድሞ እሱ ነው የሚናገረው።

ሞልድ_ሾፕ፦
እሺ። ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ ሙሉው ውል ለጊዜው ይቆይ ተብሏል። የተስማማነው፣ ኮምፕሬሰሩ ላይ ክላምፕ፣ ሁሌ ወረፋ የሚበዛበት አንዱ ትልቁ ኢንጀክሽን ማሽን ላይ የሞልድ መዘጋት ሲግናል፣ አጠገቡ የምክንያት በተኖች ያሉበት ትንሽ ስክሪን፣ የኦፕሬተር ስም የለም። በተኖቹን ከሁለቱም ፈረቃ ሰዎች ጋር ተቀምጠን ልንጽፍ ነው። ኔትወርኩ ከኦፊሱ ይለያል። ለሻጩ የሂሳብ ክፍሏ እህታችን ያለቻቸውን የውል ጥያቄዎች በጽሁፍ ልከናል፣ የዳታ ባለቤትነቱን ቶሎ ነው እሺ ያለው፣ ጌትዌዩ በሌላ ሶፍትዌር ይሠራል ወይ ለሚለው ግን እስካሁን መልስ አልሰጠም። የረሳነው ነገር አለ?

ሂሳብ_ክፍል፦
ያልመለሰው ጥያቄ ነው ዋናው። መልስ ሳይሰጥ ጌትዌዩን አትቀበሉ።

ፓኔል_ሰሪ፦
አንድ ነገር ቀርቷል፣ ሰዓት። ጌትዌዩ፣ ስክሪኑና ሰርቨሩ ሰዓታቸው ካልገጠመ ማሽኑ የቆመው በ4:10 ኦፕሬተሩ በተን የነካው በ4:02 ሆኖ ይመዘገብና የቱ ምክንያት ለየትኛው መቆም እንደሆነ አይገናኝም። ከአንድ የኤንቲፒ (ሰዓት አስተካካይ) ሰርቨር ሰዓት እንዲወስዱ አድርግ፣ ኔትወርኩ ከውጭ ስለተለየ የኤንቲፒ ሰርቨሩ እዛው ውስጥ ይሁን። አንዳንዱ ርካሽ ጌትዌይ መብራት ሲቋረጥ ሰዓቱን ከ1970 ነው የሚጀምረው፣ ባትሪ ያለው ሰዓት ውስጡ መኖሩን አረጋግጥ። ፈረቃው እኩለ ሌሊት የሚያልፍ ከሆነም ቀኑ በስንት ሰዓት እንደሚቀየር አሁኑኑ ወስኑ፣ አለበለዚያ የማታው ፈረቃ ምርት ለሁለት ቀን ተከፍሎ ይወጣል።

የማታ_ፈረቃ፦
ይሄ የመጨረሻው እኛ ጋም ሆኖ ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ ያመረትነው ግማሹ ለጠዋቱ ፈረቃ ሲቆጠር ከረመ። ቀኑ የኛ ፈረቃ ሲያልቅ እንዲቀየር አድርጉት።

ሞልድ_ሾፕ፦
ያዝኩት፣ ሰዓቱም የፈረቃ መቁረጫውም ሲግናሉ ከመገናኘቱ በፊት ይስተካከላል። የመጀመሪያውን የኮምፕሬሰር ቁጥር በሚቀጥለው እረፍት ቀን በእጅ ለክተን እዚህ እጽፋለው።